የታመመች ዶሮ ገበያ አትውጣ

በሬ ሲታመም ቤቱ ሁሉ ይናወጣል። አባወራው እንቅልፍ ያጣል። ጎረቤት ይጠራል፤ ሐኪም ካለበት ድረስ ይኬዳል፤ ሣሩም ታጭዶ አፉ ሥር ይቀርብለታል። ዶሮ ስትታመም ግን በየቤቱ የሚሰማው አንድ ቃል ነው፦ «ሳትሞት ቶሎ ትሸጥ!» ወዲያው እግሯ ይታሰራል፤ ቁልቁል ተንጠልጥላ ገበያ ትወጣለች። የገዛትም ሰው ሳያውቅ በሽታዋን ይዞ ቤቱ ይገባል።

ይህ ልማድ መቅረት አለበት እላለሁ። ምክንያቴን ላስረዳ።

በመጀመሪያ፣ ፊደል ላስቆጥር የመጣ የሃያ ዓመት ልጅ ለገበሬ ስለ ዶሮ ሲናገር «ይህ ደግሞ ምን ያውቅና!» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። እርባታውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ዶሮ መቼ እንደምትታቀፍ፣ ጭልፊት በየት በኩል እንደሚመጣ፣ የትኛዋ ቄብ ጥሩ እናት እንደምትሆን እኔ ከእናንተ ነው የተማርኩት። በሽታው ግን በዓይን አይታይም። በዓይን ለማይታይ ነገር ደግሞ የተጻፈውን ማንበብ ይጠቅማል። እኔም ያነበብኩትን ነው የማካፍላችሁ።

ለመሆኑ ዶሮ ለምን ተናቀች? እኔ እንደሚመስለኝ የሴቶች ገንዘብ ስለሆነች ነው። የእንቁላሉ ብር ጨው ይሆናል፣ ሳሙና ይሆናል፣ የልጅ ደብተርና እርሳስ ይሆናል። ወንዱ ግን ይህን አያየውም፤ ጨው ከሰማይ የሚወርድ ይመስለዋል። በስብሰባ ላይ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ዘር፣ ስለ ግጦሽ መሬት እስኪመሽ ድረስ ሲነገር ሰምቻለሁ። «ዶሮዎቻችን አለቁ፤ ምን ይደረግ?» ብሎ እጁን ያወጣ ሰው ግን አላየሁም። ሴቶቹ ከኋላ ነው የሚቀመጡት። ቢናገሩም ድምፃቸው ከፊት ያሉት ዘንድ አይደርስም።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። በአገራችን ከ50 ሚሊዮን በላይ ዶሮዎች አሉ። የሚበዙት በገበሬ ጓሮ እየጫሩ የሚውሉት የሐበሻ ዶሮዎች ናቸው። አንዲት የሐበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ቢሆን ነው። ጥቂት ነው ይባል ይሆናል። ነገር ግን ለዚህ እንቁላል ምን አወጣን? ራሷ ጭራ ትበላለች፤ የእህል ጥራጊና የማዕድ ትራፊ ይበቃታል። ከእንቁላሉ ከፊሉ ቢታቀፍ ጫጩት ይሆናል። ጫጩቶቹ አድገው ሲሸጡ ጠቦት ይገዛባቸዋል። ዛሬ በግ የሚያረቡ ስንት ሴቶች በዶሮ ነው የጀመሩት! ታዲያ ፈንግል አንድ ሳምንት ገብቶ ሲወጣ ይህ ሁሉ ባዶ ቆጥ ሆኖ ይቀራል።

ፈንግልን የማያውቅ ገበሬ የለም። በሐኪሞች ዘንድ ስሙ የኒውካስል በሽታ ነው። ኒውካስል በእንግሊዝ አገር ያለች ከተማ ናት፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1926 በዚያ አካባቢ ተለይቶ ስለታወቀ ስሟን ያዘ። ለእኛ ግን «ፈንግል» ይበቃናል። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ የሚባል እጅግ ደቃቅ ነገር ነው። ከታመመችው ዶሮ ኩስ ጋር ይወጣል። ከአፏና ከአፍንጫዋ በሚፈሰው እርጥበት፣ በትንፋሿም ይወጣል። ከዚያ በውኃ መጠጫው፣ በጥሬው፣ በሰው እጅና ጫማ፣ ዶሮ በተያዘበት ቅርጫት ሳይቀር ወደ ጤነኛዋ ይሻገራል።

ቫይረሱ ከገባባት በኋላ ዶሮዋ ምልክት እስክታሳይ ከ2 እስከ 15 ቀን ሊወስድ ይችላል። ብዙውን ጊዜ 5 ወይም 6 ቀን ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ! ዶሮዋ ገና ደህና መስላ ሳለች በሽታውን ልታስተላልፍ ትችላለች ማለት ነው። ስለዚህ «የምሸጣት የታመመችውን ሳይሆን ጤነኛዋን ነው» የሚለው ምክንያትም አያዋጣም። በአንድ ቆጥ ካደሩ፣ ከአንድ ገል ከጠጡ፣ ጤነኛ የምትመስለውም ተጠርጣሪ ናት።

ምልክቱን ታውቁታላችሁ። ላባዋን ነፍታ ትቆዝማለች፤ ክንፏ ይወርዳል፤ ጥሬ ቢበተንላት ዞር ብላ አታይም። አፏን ከፍታ ታለከልካለች። ኩሷ አረንጓዴ ውኃ ይሆናል። አንዳንዷ አንገቷ ይጣመምና እየዞረች ትወድቃለች። አንዳንዷ ደግሞ ማታ ደህና ገብታ ጠዋት ከቆጥ ሥር ሞታ ትገኛለች። ክትባት ባልደረሰበት መንደር ፈንግል ሲገባ የሚበዙትን፣ አንዳንዴም አንድ ሳያስቀር ይጠርጋል።

ሆኖም የታመመች ዶሮ ሁሉ ፈንግል ያዛት ማለት አይደለም። ጫጩቶች ደም የተቀላቀለበት ኩስ ከጣሉ፣ ወለሉም እርጥብ ከሆነ፣ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ሊሆን ይችላል። እሱ መድኃኒት አለው። ላባ በሌለበት የራስ ቆዳዋ ላይ፣ በዓይኗና በአፏ ዙሪያ ቅርፊት ያለው ቁስል ከወጣ የዶሮ ፈንጣጣ ሊሆን ይችላል፤ እሱን የወባ ትንኝ ዘመዶችም ያዛምቱታል። ቅማልና ቁንጫም ዶሮን ያከሳሉ። ለመለየት የሚረዳ አንድ ነገር አለ። አንዲት ዶሮ ብቻዋን ታማ ሌሎቹ ሳምንቱን ሙሉ ደህና ከሆኑ ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። በጥቂት ቀን ውስጥ ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋ ከተከተለች፣ ጎረቤትም «የኔም እኮ!» ካለች ግን ፈንግልን መጠርጠር ነው። ቁርጡን የሚነግረን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ባለሙያ ማስጠራት ለበሬ ብቻ የተፈቀደ አይደለም።

እንግዲህ ዶሮዋ ዛሬ ጠዋት ቆዝማ ተገኘች እንበል። ምን ይደረግ?

ከሁሉ በፊት ትለይ። ሌላ ጥግ ወይም ሌላ ጎጆ፣ ነፋስ በማይመታው ደረቅ ቦታ፣ አየር በሚያስገባ ቅርጫት ሥር ትቀመጥ። የታመመች ዶሮ ቶሎ ይበርዳታልና ሙቀት ያስፈልጋታል። ጭድ ይጎዝጎዝላት። ጭዱ በየቀኑ ይለወጥ፤ የቆሸሸውም ይቃጠል። ንጹሕ ውኃ ለብቻዋ በሆነ ገል ወይም ጣሳ ይቅረብላት። ጥሬ መልቀም ካቃታት የራሰ ዱቄት ወይም የቀዘቀዘ ገንፎ ይሰጣት። ውኃ በግድ አፏ ውስጥ ማንቆርቆር ግን ደግ አይደለም፤ ወደ ሳንባዋ ሊገባና ሊገድላት ይችላል። ምንቃሯን ጫፉን ብቻ ውኃው ውስጥ ነከር ማድረግ ይበቃል። ራሷ ትጠጣለች።

ሥራውን ቢቻል አንድ ሰው ይያዘው። ጠዋት መጀመሪያ ጤነኞቹን ያብላ፣ ያጠጣ፤ ወደ ታመመችው መጨረሻ ላይ ይሂድ። ተመልሶ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ይህቺ ቅደም ተከተል ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን በሽታውን ከታመመችው ወደ ጤነኞቹ ተሸክሞ የሚወስደው ብዙ ጊዜ የገዛ እጃችን ነው። ልጆች የታመመች ዶሮ አቅፈው ማባበል ይወዳሉ። ልባቸው ደግ ነው፤ ግን አይፈቀድላቸው። የፈንግል ቫይረስ ወደ ሰው ዓይን ከገባ ለጥቂት ቀን ዓይንን ያቀላል፣ ያስለቅሳል። ከዚያ የባሰ በሽታም በዶሮ ሊመጣ ይችላልና መጠንቀቅ ይሻላል።

የቀሩት ዶሮዎችስ? ግቢ ውስጥ ይዋሉ። ለሦስት ሳምንት ያህል ከዚያ ቤት ዶሮ አይውጣ፣ ወደዚያ ቤትም አይግባ። የሞተች ካለች በጥልቅ ጉድጓድ ትቀበር ወይም ትቃጠል። ጫካ ጥግ መወርወር፣ ወንዝ ውስጥ መጣል፣ ለውሻ መስጠት ማለት በሽታውን በአራት እግር ወደ ጎረቤት መላክ ነው። የዶሮ ቤቱ ኩስ ተጠርጎ ይቃጠል፤ መጠጫው በሳሙና ወይም በበረኪና ይታጠብና ፀሐይ ላይ ይሰጣ።

ስለ መድኃኒት ብዙ ይባላል። አንዱ ፌጦ ይላል፣ አንዱ ነጭ ሽንኩርት በሎሚ ይላል፣ አንዱ በርበሬ ይላል። በእነዚህ ላይ ብዙ ክርክር የለኝም። ፈንግልን ግን አያድኑም። የምቃወመው እንክብሉን ነው። ከሱቅ ወይም ከገበያ የሰው ቴትራሳይክሊን ተገዝቶ፣ ተከፍቶ፣ ዱቄቱ ዶሮዋ ውኃ ውስጥ ይጨመራል። ይህ በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። ቴትራሳይክሊን የሚገድለው ባክቴሪያ የሚባሉትን ተሕዋስያን ነው። ፈንግል ደግሞ ቫይረስ ነው፤ እንክብሉ አይነካውም። አንዳንዴ ዶሮዋ ስትተርፍ «እንክብሉ አዳናት» ይባላል። ወይ ፈንግል አልነበረባትም፣ ወይ ከጥቂቶቹ ተራፊዎች አንዷ ናት። በዚያ ላይ ያለ ልክ የሚሰጥ መድኃኒትን ተሕዋስያኑ ይለምዱታል። የተለመደ መድኃኒት ደግሞ ልጃችን በታመመ ጊዜ አይሠራም። ለዶሮ ብለን የልጃችንን መድኃኒት ማበላሸት ነው።

እንዲያው በመካከል ስለ ዳክዬም ላንሣ። በሐይቅ ዳርና በከተማ አጠገብ አንዳንድ ሰዎች ዳክዬ ማሳደግ ጀምረዋል። ዳክዬ ለፈንግል ጠንካራ ናት፤ ቫይረሱ ቢገባባትም ብዙ ጊዜ አትታመምም። ግን ተሸክማ ለዶሮ ልታቀብል ትችላለች። ስለዚህ ዳክዬና ዶሮ በአንድ ቤት አይደሩ፤ ከአንድ ገንዳም አይጠጡ። ዳክዬዋ ራሷ ከታመመች አያያዟ ያው ነው፦ መለየት፣ ማሞቅ፣ ንጹሕ ውኃ፣ ባለሙያ ማስጠራት።

አሁን ወደ ገበያው ልመለስ። ስለዚህ ነገር በማታ ትምህርት ስንነጋገር አንዲት እናት እንዲህ ብለው ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ አንተ አትሽጡ ትላለህ። እኔ ያለችኝ እሷው ናት። በእጄ ከምትሞት በግማሽ ዋጋ ብሸጣት ምን አለበት? ካልሸጥኳትስ ማን ይተካልኛል?»

ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ለድሃ ቤት አንዲት ዶሮ ትልቅ ነገር ናት። «ተዋት ትሙት» ብሎ መናገር ለኔ ቀላል ነው፤ ኪሳራው የኔ አይደለምና። ነገር ግን፣ እማማ፣ እስቲ ሒሳቡን አብረን እናስላ። ፈንግል ተሰማ ሲባል ሁሉም እንደ እርስዎ ዶሮውን ይዞ ገበያ ይሮጣል። በዚያን ቀን ዋጋው ይወድቃል፤ ግማሽ ዋጋም ላይገኝ ይችላል። ነጋዴው ከአሥር መንደር የመጣውን በአንድ ቅርጫት ያጉራል። ያልተሸጠችው ማታ ወደ ቤት ትመለሳለች፤ የሌላውን መንደር በሽታ ይዛ ነው የምትመለሰው። የተሸጠችውም ከማዶ ቀበሌ ትገባለች። የማዶው ቀበሌ ሲታመምበት እሱም በተራው ወደዚያው ገበያ ያወጣል። ለዓመት በዓል እርስዎ ለእርባታ ብለው የሚገዟት ቄብ ከየት የመጣች ትመስልዎታለች? ዛሬ በግማሽ ዋጋ የሸኘነው በሽታ ነገ በሙሉ ዋጋ ተገዝቶ ቤታችን ይገባል።

ደግሞስ የሚገዛው ማን ነው? እንደኛው ድሃ ነው። ልጁ ደብተር የሚፈልግ፣ ሚስቱ ጨው የቸገራት። በሬው የታመመበት ሰው በሽታውን ደብቆ ለጎረቤቱ ቢሸጥ ሽማግሌ ይቀመጥበታል፤ ካሣ ይከፍላል። ዶሮ ሲሆን ለምን ዝም ይባላል? የኔ አስተያየት በዶሮም ያው ሕግ ይሁን የሚል ነው። ፈንግል የገባበት መንደር ዶሮ ወደ ገበያ እንዳይወጣ ማኅበሩ ተነጋግሮ ይወስን። ውሳኔው ግን በአንዲት ድሃ እናት ጫንቃ ላይ ብቻ ከወደቀ ግፍ ነው። ዶሮዎቿ ላለቁባት ሴት ጎረቤቶቿ ኋላ ከሚፈለፈለው ሁለት ሁለት ጫጩት ቢያዋጡላት ትቋቋማለች። ለበሬ ዕድር ያለው አገር ለዶሮ ይህን ያህል አያቅተውም።

ይህ ሁሉ ግን እሳቱ ከተነሣ በኋላ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለፈንግል ክትባቱ ነው። ክትባቱ እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ይመረታል። ከክትባቶቹ መካከል ሙቀት የሚችል ዓይነት አለ። መሠረቱ በአውስትራሊያ፣ በኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው የተገኘው፤ ማቀዝቀዣ ለሌለው ገጠር ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ብልቃጡ ሳይከፈት ከፀሐይ ተጠብቆ፣ በርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሩቅ መንደር ሊደርስ ይችላል። አሰጣጡም ቀላል ነው፤ በዶሮዋ አንድ ዓይን ውስጥ አንድ ጠብታ ብቻ። መርፌ የለም። ጫጩትም፣ አውራ ዶሮም፣ እናት ዶሮም እኩል አንድ ጠብታ ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጸናል፤ በየአራት ወሩም ይደገማል።

ታዲያ ለምን አይዳረስም? አንዱ ምክንያት ብልቃጡ ነው። አንድ ብልቃጥ ለአንድ ቤት አምስት ዶሮ ተብሎ አይሞላም፤ ለብዙ ቤት ዶሮ የሚሆን ነው። ከተከፈተና ከተበጠበጠ ደግሞ ብዙ አይቆይም። አንዲት ሴት ብቻዋን ሄዳ «ለአምስት ዶሮዎቼ» ብትል ማን ይከፍትላታል? አርባ ቤት በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት «ዝግጁ ነን» ካለ ግን ባለሙያው ብልቃጡን የማይከፍትበት ምክንያት የለም። ገበሬ በማኅበር የሚሠራው ሥራ እንዲህ ያለው ነው። አጥር ለብቻ ይታጠራል፤ ፈንግል ለብቻ አይከለከልም።

ሌላው ምክንያት ሐሜት ነው። «ክትባቱ ራሱ ነው የገደላት» የሚሉ አጋጥመውኛል። ጠጋ ብዬ ስጠይቅ የተከተቡት ፈንግል መንደር ከገባ በኋላ ነው። ቫይረሱ ቀድሞ ገብቶባት የነበረችን ዶሮ ጠብታው አያድናትም፤ በማግስቱ ስትሞት ስሙ የሚጠፋው ክትባቱ ነው። ክትባት ለጤነኛ ዶሮ፣ በደህና ቀን ነው።

ደህናው ቀን መቼ ነው? በሽታው በብዙ ቦታ የሚበረታው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። የዶሮ ንግድ በሚደራባቸው በዓላት ሰሞንም ይዛመታል። ስለዚህ በሚያዝያ፣ በነሐሴና በታኅሣሥ መጀመሪያ ቢሆን አራት አራት ወሩ ይገጥማል። የሚያዝያው ከዝናቡ በፊት ይሆናል፤ የነሐሴው ለዘመን መለወጫ፣ የታኅሣሡ ለገና ገበያ ይቀድማል። ሰዓቱም ጎሕ ሲቀድ፣ ዶሮ ከቆጥ ሳትወርድ ይሁን። ፀሐይ ከወጣ በኋላ የሐበሻ ዶሮ እያሳደዱ መያዝ መንደሩን ሁሉ ሲያስቅ ነው የሚውለው።

ከዚያ በፊት ዶሮው መቆጠር አለበት። በየቤቱ ስንት እንዳለ ሳይታወቅ ስንት ብልቃጥ እንደሚያስፈልግ አይታወቅም። ለዚህ ከወረዳ ጸሐፊ መጠበቅ አያሻም። እኔ በማስተምርበት መንደር ስማቸውንና ቁጥርን አጥርተው የሚጽፉ ሴቶች አሉ። ዶሮው የእነሱ ነው፤ መዝገቡንም እነሱ ይያዙት። በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይሰጣቸው፤ መቀመጫቸውም ከኋላ ሳይሆን ከፊት ይሁን። የሚጻፈው አራት ነገር ነው፦ የባለቤቷ ስም፣ የዶሮው ብዛት፣ የተከተበበት ቀን፣ የሚደገምበት ቀን።